እንዳያልቅ የሚሠራ ጎጆ

ሚኒሶታ ውስጥ በበጋ ወራት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ጉዳይ ለማስፈጸም ከቤቱ የወጣ ሰው የዋህ ነው። ጸሐፊዋ የለችም፤ አለቃዋ የለም፤ የአለቃው አለቃ ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ የለም። 35 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ ብቅ ብሎ ላየ ግን ሁሉም እዚያ ናቸው። ጀልባ እየጎተቱ፣ ብስክሌት ከኋላ አንጠልጥለው፣ ውሻቸውን በመስኮት አናፍሰው ወደ ሰሜን ይጎርፋሉ። «ወዴት ነው?» ቢሏቸው «ወደ ሰሜን» ይላሉ። ከዚያ በላይ አይጠየቅም። ሰሜን ማለት ጫካው ነው፤ ሐይቁ ነው፤ ከሐይቁ ዳር ያለችው ካቢን ናት።

ሐይቅ በሽ ነው። የመኪናቸው ሰሌዳ ላይ «10,000 ሐይቆች» የሚል ተጽፏል። የግዛቲቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ከ10 ኤከር የሚበልጡትን ብቻ ሲቆጥር ግን 11,842 ነው ያገኘው። እኛ ብንሆን ሰሌዳው ላይ «15,000» ብለን በደማቁ እንጽፍ ነበር፤ እነሱ 1,842ቱን ዝም ብለው ትተውታል። ይህን ያህል ሐይቅ ከቁጥር አውጥቶ ዝም የሚል ሕዝብ፣ ጫካ ገብቶ በትንሽ ጎጆ መደበቅ ቢወድ አይገርምም።

የገረሙን ጋሼ ናቸው።

ጋሼን ሴይንት ፖል ውስጥ የማያውቅ ሐበሻ የለም። መሀል ከተማ፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ ሥር፣ ከአንዲት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው ትኬት ሲቀበሉና መልስ ሲመልሱ ነው ዕድሜያቸውን የፈጁት። ልጆቻቸውን ያስተማሩት፣ አገር ቤት እህት ወንድሞቻቸውን የዳሩት፣ የስንቱን ለቅሶ የደረሱት ከዚያች ሳጥን ሆነው ነው። ሙሉ የጡረታ ዕድሜያቸው ደርሶ ሳጥኗን ሲሰናበቱ ማኅበራችን ግብዣ አደረገላቸው።

የእኛ ሰው እዚህ አገር ጡረታ ሲወጣ ከፊቱ የሚጠብቁት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው አገር ቤት ጂ ፕላስ ዋን መሥራት ነው፤ ገንዘቡ በየወሩ ይላካል፣ ፎቶግራፉ በየወሩ ይመጣል፣ ሕንጻው ግን ከፎቶግራፍ ወደ ፎቶግራፍ ዕድገት አያሳይም። ሁለተኛው የልጅ ልጅ መጠበቅ ነው፤ ይህ ደመወዝ፣ ዕረፍትና የሠራተኛ ማኅበር የሌለው ሥራ ነው። ሦስተኛው ሰበካ ጉባኤ ገብቶ መጣላት ነው። ሁላችንም ጋሼ ከሦስቱ አንዱን እንደሚመርጡ እርግጠኞች ነበርን። እሳቸው ግን ከምርቃቱ በኋላ ብድግ አሉና «መሬት ገዝቻለሁ» አሉ።

«የት? ባሕር ዳር?» አለ አንዱ፣ እንኳን ደስ ያለዎት ለማለት እየተዘጋጀ።

«ከዱሉዝ ወደ ሰሜን። ጫካ ውስጥ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ማንኪያ ሳይቀር ቆመ።

«መንገድ አለው ጋሼ?»

«የለውም» አሉ በኩራት።

«መብራትስ?»

«የለውም።»

«ውሃ?»

«ሐይቅ አለ።»

ባለቤታቸው እትዬ ከማእድ ቤቱ በር ላይ ሆነው የመጨረሻውን ዜና ጨመሩ፦ «እኔም የለሁበትም።»

ነገሩ ከየት እንደመጣ ሲጣራ ጥፋቱ የልጅ ልጃቸው ሆኖ ተገኘ። በአንድ የበረዶ ምሽት አያቱን ላጫውት ብሎ የሪቻርድ ፕሮኔኪን ፊልም ከፈተላቸው። ፕሮኔኪ የናፍጣ ሞተር መካኒክ የነበረ ሰው ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም፣ በ52 ዓመቱ፣ አላስካ ውስጥ መንታ ሐይቆች ከሚባለው ስፍራ ገብቶ በእጅ መሣሪያ ብቻ የግንድ ጎጆ መሥራት ጀመረ። ሸክም ለመቀነስ ከመሣሪያዎቹ የአንዳንዱን ብረት ብቻ ይዞ ሄዶ እጀታውን እዚያው ከዛፍ ጠረበ። የበሩ ማጠፊያ ሳይቀር እንጨት ነው። ካሜራውን አቁሞ ራሱን እየቀረጸ፣ ማንኪያ እየጠረበ፣ ወደ 30 ዓመት ያህል ኖረበት፤ በ1999 ሲወጣ 82 ዓመቱ ነበር። ጎጆው ዛሬም በሌክ ክላርክ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ቆሟል።

ጋሼ ይህን ፊልም ደጋግመው አዩት። የመስታወቷን ሳጥን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም። ያ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ሲጠርብ አንድም ሰው መጥቶ «ቶሎ በልልኝ፣ ስብሰባ አለብኝ» አላለውም።

ልጃቸው ደግሞ በእሳቱ ላይ ቤንዚን ጨመረች። «አባዬ፣ ከእሱ በፊትም አለኮ» ብላ ከኮሌጅ ዘመኗ የቀረውን የሄንሪ ዴቪድ ቶሮን መጽሐፍ አመጣችላቸው። ቶሮ በ1845 ማሳቹሴትስ ውስጥ ዋልደን ከሚባለው ኩሬ ዳር ወርዷ 10 ጫማ፣ ርዝመቷ 15 ጫማ የሆነች ጎጆ ሠርቶ ወጪውን እስከ ምስማሩ ዘርዝሯል። ድምሩ 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ነው። ጋሼ ይህን አኃዝ በትልቁ ጽፈው ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፉት። መሬቱ የወዳጁ የኤመርሰን እንደነበረ፣ መጥረቢያውን ተውሶ እንደጀመረ፣ ምሰሶውን ያቆሙለት ጓደኞቹ እንደሆኑና የእናቱ ቤት በእግር የሚደረስ እንደነበረ ግን አልለጠፉም።

እትዬ ስለ ሁለቱም ሰዎች በትዕግሥት አዳመጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «ሚስት ነበራቸው?»

የልጅ ልጁ ስልኩን አውጥቶ ፈለገ። ቶሮ አላገባም። ፕሮኔኪም አላገባም።

«ብዬ ነበር» አሉ እትዬ። «ሚስት ያለው ሰው የበር ማጠፊያ ከእንጨት የሚጠርብበት ጊዜ ከየት ያመጣል?»

የእትዬ ተቃውሞ ከስንፍና የመጣ አይደለም። ሁለቱም የላይ ጋይንት ልጆች ናቸው። ጋሼ የተወለዱት በሰምበሌጥ በተከደነ ጎጆ ነው፤ እትዬም እንዲሁ። የእናቶቻቸው የዕድሜ ልክ ምኞት ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ እንዲወጣ ነበር። ከዚያ ጎጆ ለመውጣት ስንት ዳገት ተወጥቷል፤ ሱዳን ተገብቷል፤ ቪዛ ተጠብቋል፤ ሌሊት ተሠርቷል። «እንግዲህ» አሉ እትዬ አንድ ቀን ቡና አቅርበው፣ «ውሃ ከሐይቅ መቅዳት፣ እንጨት መፍለጥ፣ በጭስ መታጠን፣ ሌሊት በፋኖስ ደጅ መውጣት ከሆነ፣ አባትህ ቤት በነፃ ነበርኮ። አሜሪካ ድረስ ምን አመጣን?»

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። «እዚያ ግድ ነበር» አሉ። «እዚህ ወድጄ ነው።»

ይህች «ወድጄ» ውድ ናት። ግድ የሆነ ድህነት ማንንም አያስከፍልም፤ ወደው የሚገቡበት ድህነት ግን የመሬት ግብር አለው፣ የግንባታ ፈቃድ አለው፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ደንብ አለው። ሽንት ቤቱ ከሐይቁ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት የሚገልጽ ወረቀት አለ። የጋሼ አባት ቤታቸውን ሲሠሩ ያስፈቀዱት ሚስታቸውንና አጥቢያውን ነበር። የቶሮ 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ዛሬ የሚገዛው ጥሩ የትንኝ መከላከያና ሁለት ሳንዱዊች ነው፤ ያውም መንገድ ላይ ካልራበዎት።

ሥራው ከመሠረት ተጀመረ። ጋሼ ስለ መሠረት ያላቸው ዕውቀት ከአባታቸው የወረሱት ነው፦ ቋሚው አንድ ክንድ ይቀበራል፣ ዙሪያው በድንጋይ ይጠቀጠቃል፣ ማገሩ በልጥ ይታሰራል፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ይመረጋል። የሚፈራው ምስጥ ብቻ ነው። ሰሜን ሚኒሶታ ላይ የሚፈራው ሌላ ነው። የግዛቲቱ የግንባታ ደንብ በደቡቡ ክፍል መሠረት 42 ኢንች እንዲወርድ፣ በሰሜኑ ደግሞ 60 ኢንች እንዲወርድ ያዛል። 60 ኢንች ከአንድ ሜትር ተኩል ትንሽ ያልፋል። ጋሼ ጉድጓዱ ውስጥ ቆመው ሲቆፍሩ ከሩቅ የሚታየው ባርኔጣቸው ብቻ ነበር።

«ይህን ያህል ጥልቀት ለምን?» ብለው ፈቃድ የሚሰጠውን ሰው ጠየቁት። ሰውዬው በጨዋነት አስረዳቸው። አፈር ውስጥ ያለው ውሃ ሲበርድ ይጋግርና መጠኑ ከመቶ ዘጠኝ ያህል ይጨምራል። በዚህ አያበቃም፤ የጋገረው በረዶ ከሥሩ ካለው እርጥብ አፈር ሌላ ውሃ እየሳበ ይወፍራል። ሲወፍር መሬቱን ያነሳል፤ መሬቱ ምሰሶውን ያነሳል። በጸደይ ሲቀልጥ ምሰሶው ይወርዳል፣ ወደነበረበት ቦታ ግን አይመለስም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቤቱ አንዱን እግሩን አንሥቶ ይገኛል።

«ብርድስ አውቃለሁ፤ የጋይንት ልጅ ነኝ» ብለው ነበር ጋሼ መሬቱን ሲገዙ። ይህን ያሉት ብዙም ከማይርቅ ስፍራ፣ ታወር ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 2 ቀን 1996 ሙቀቱ ከዜሮ በታች 60 ፋራናይት መውረዱን ሳይሰሙ ነው። በሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች 51 መሆኑ ነው። የሚኒሶታ የምንጊዜም ክብረ ወሰን ይኸው ነው። ይህን ሲሰሙ ጋሼ ዝም አሉና ጉድጓዱን ገቡበት። ስድስት ኢንች ጨመሩበት።

ቀጥሎ የእንጨት ነገር መጣ። ጋሼ ቤታቸው እንደ ፕሮኔኪ ሙሉ ግንድ እንዲሆን ነበር የፈለጉት። ቀይ ጥድ ተመረጠ፤ በጸደይ ውሃው ወደ ላይ ሲወጣ ቅርፊቱ በቀላሉ ስለሚላጥ ሁለት እጀታ ባለው መላጫ ላጡት። እዚህ ላይ ግን ግንድ ነፍስ እንዳለው ታወቀ። እርጥብ ግንድ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ግድግዳው ኢንች በኢንች ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ከበርና ከመስኮት በላይ ባዶ ቦታ ይተዋል። ያ ካልተተወ ግድግዳው መስኮቱ ላይ ይቀመጥና በሩ ከነቁልፉ ይያዛል። ማለትም የግንድ ቤት ተሠርቶ ካለቀ በኋላ መውረዱን ይቀጥላል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ ደስታ አየሁ። ያን ጊዜ ምክንያቱ አልገባኝም።

ለጣሪያውና ለወለሉ የተሰነጠቀ እንጨት ተገዛ። እዚህ አገር «ሁለት በአራት» የሚባል ሞራሌ አለ። ጋሼ ሜትራቸውን አውጥተው ለኩት፤ አንድ ተኩል በሦስት ተኩል ሆነ። ሌላ አነሱ፣ ያው ነው። ሙሉ ቁልሉን ለኩት። ሻጩ «ሁሉም ቦታ እንዲሁ ነው ጌታዬ፤ ሲሰነጠቅ ሁለት በአራት ነበር፣ ደርቆና ተልጎ ሲመጣ ይሄ ነው» አላቸው። እውነቱን ነበር። ጋሼ ግን እስከ ዛሬ ድረስ እንጨት ሻጭ ሲያዩ፣ ሚዛን ላይ አውራ ጣቱን እንደሚያሳርፍ ሥጋ ሻጭ ነው የሚያዩት።

ግድግዳ ማቆም ሲደርስ ደቦ ተጠራ።

ቅዳሜ ማለዳ ከሴይንት ፖልና ከሚኒያፖሊስ ተነስተን እስከ ዱሉዝ ወደ 150 ማይል፣ ከዚያም ጫካውን እየሰነጠቅን ሄድን። ደቦ አገር ቤት የሚታወቅ ሕግ አለው፦ ባለቤቱ ያበላል፣ ያጠጣል፤ ጎረቤት ይሠራል። እዚህ የመጣው ደቦ የሕጉን የመጀመሪያ ክፍል በትክክል ነው ያከበረው። ሁለት ሰው ግንድ ያነሳል፤ የቀረው አስተያየት ይሰጣል። ታክሲ የሚነዳው ጓደኛችን «ይሄ ግድግዳ ወደ ምሥራቅ ዘምሟል» አለ። ነርስ የሆነው ሌላው ጓደኛችን «ወደ ምዕራብ ነው» አለ። ቱንቢ ተጣለ፣ ውሃ ልክ ተቀመጠ፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነበር። ሁለቱም «ውሃ ልኩ ነው የዘመመው» ብለው ተስማሙ። የቶሮን ምሰሶ ካቆሙት ወዳጆቹ አንዱ ኤመርሰን ነበር ይባላል፤ ፈላስፋ ግንድ ሲያነሳ ምን ያህል አስተያየት እንደሚሰጥ ማሰብ ነው።

ያልተጠራው ደቦ ግን ከእኛ በላይ ሠራ። ሚኒሶታ ወደ 50 የሚጠጉ የትንኝ ዝርያዎች አሏት፤ የምትነክሰው ደግሞ ሴቷ ብቻ ናት። ትንኝ በረጋ ውሃ ይራባል፤ ነካሹ ጥቁር ዝንብ በሚፈስ ውሃ ይራባል። የጋሼ መሬት ሐይቅም አላት፣ ከሐይቁ የሚወጣ ወራጅም አላት። ሁለቱም ተሟልተውላቸዋል። እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ ከሐይቁ አንድ ረጅም ዋይታ ተነሳ። «ጅብ!» አለ ታክሲ ነጂው፣ ድንኳኑን ከውስጥ ይዞ። ሉን የምትባል የውሃ ወፍ ናት፤ የግዛቲቱ ምልክት ሆና የተመረጠች። ሕዝቡ ይህን ድምፅ ለመስማት ብሎ ከከተማ ድረስ ይነዳል። እኛ ላለመስማት ጋቢያችንን ጭንቅላታችን ላይ ሳብን።

ጃርት ደግሞ የመሣሪያ ነገር አይሆንለትም። የሰው ላብ የነካው እንጨት ጨው አለው፤ ጃርት ለጨው ይሞታል። ጋሼ መጥረቢያቸውን ደጅ ትተው አደሩና ጠዋት እጀታው ግማሽ ሆኖ አገኙት። ሽንት ቤት ወንበር ሳይቀር የሚበላ እንስሳ መሆኑን ከዚያ በኋላ ነው የተነገራቸው። «የፓርኪንጉ ኩባንያ እንኳ ላቤን እንዲህ አልወደደውም» አሉ ጋሼ፣ የቀረውን እጀታ እያገላበጡ።

ድብ የሚለው ቃል ሲነሳ እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ጎጆው የሚመለከታቸው ነገር አገኙ። የሰሜኑ ጥቁር ድብ ሰው አድኖ የሚበላ አይደለም፤ የሚያሳድደው ሽታ ነው። ስለዚህ ምግብ ደጅ አይተውም። ቢመጣ ደግሞ የሚረጭበት ጣሳ አለ። «ምንድን ነው ውስጡ?» አሉ እትዬ። ካፕሳይሲን ነው፤ በርበሬን የሚያቃጥለው ያው ራሱ ነገር፤ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ። እትዬ ጣሳውን አገላብጠው አዩትና ሳቁ። «በዚህ ድብ ከሸሸ፣ የእኔን ሚጥሚጣ ቢያሸት ካናዳ ይገባል» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ጎጆው ብቅ ማለት ጀመሩ፤ ድቡን ለማየት ነው ብለው።

ጎረቤት አለ፤ ማለትም ከዛፉ ማዶ። ቅድመ አያቶቻቸው ከፊንላንድ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ፊንላንዳውያን ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ለማዕድኑና ለእንጨቱ ሥራ ሲሉ ወደዚህ ሰሜን የጎረፉ ሕዝቦች ናቸው። ሽማግሌው መጡና የጋሼን ግንባታ አዩ። ጋሼ በወጉ ሰላምታ ጀመሩ፦ እንዴት ነዎት፣ ቤተሰቡ፣ ጤናው፣ ክረምቱ እንዴት አለፈ። ሽማግሌው «ደህና» አሉ። ከዚያ ዝም። ጋሼ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሰላምታ ጨምረው ደገሙ። ዝም። በመጨረሻ ሽማግሌው ዙሪያውን ቃኙና «ሳውናው የታለ?» አሉ።

ሳውና የለም ሲባሉ በጣም አዘኑ። ከዚያ ነው ታሪኩን የነገሩን። የፊንላንድ ስደተኛ መሬት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚሠራው ሳውናውን ነበር። ቤቱ እስኪያልቅ ቤተሰቡ የሚኖረው እሱ ውስጥ ነው፤ ይታጠቡበታል፣ ይተኙበታል፤ ሴቶቹም የሚወልዱት እዚያ ነበር። ቤቱ ባይደርስ ችግር የለም፤ ሳውናው ካለ ሰው አለ። የድሮው ሳውና ጭስ ማውጫ እንኳ አልነበረውም፤ ድንጋዩ በእሳት ይግልና ጭሱ በር ተከፍቶ ይወጣል።

እትዬ ይህን ሲሰሙ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ይሄ ወይባ ነዋ!» አሉ። በጋቢ ተጀቡኖ ጭስ የሞቀን ሰው ስለ ሳውና ማሳመን አያስፈልግም። እትዬ ሽማግሌውን ለቡና ጠሩ። ፊንላንድ በነፍስ ወከፍ ቡና ከሚጠጡት አገሮች ከፊተኞቹ መሆኗ ያን ቀን ታየ። ሽማግሌው አቦል ጠጡ፣ ቶና ጠጡ፣ በረካ ጠጡ፤ ሳይናገሩ ተቀምጠው አራተኛ ዙር ጠበቁ። እትዬ በዕድሜ ዘመናቸው እንዲህ ያለ እንግዳ አላገኙም፤ ቡና ይጨርሳል፣ ሐሜት አይጀምርም።

ጎጆው ግድግዳ አገኘ፣ ጣሪያ አገኘ፣ ምድጃ ገባበት። አንድ ቅዳሜ ሄጄ ሳየው «ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፤ አልቋልኮ» አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «የት አልቋል?» አሉ ቆጣ ብለው። «በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ወደ ውጭ መሆን አለበት።» በሚቀጥለው ጊዜ ስሄድ በሩ ወደ ውጭ ይከፈታል። አሁንም አላለቀም፤ በረዶ ሲከመርበት ወደ ውጭ የሚከፈት በር አይከፈትም፣ ስለዚህ ተመልሶ ወደ ውስጥ መዞር አለበት። ከዚያ ምድጃው ማዕዘን ቀየረ። ከዚያ ደረጃው ፈረሰ። ከመስኮቱ በላይ የተተወው ክፍተት ደግሞ በየወሩ ይለካል፤ ግድግዳው ዘንድሮ ስንት ወረደ፣ በማስታወሻ ይመዘገባል። ያን ጊዜ ነው ስለ ግንዱ መኮማተር ሲሰሙ የተደሰቱበት ምክንያት የገባኝ። ተሠርቶ የማያልቅ ቤት አግኝተው ነበር።

የታዋቂዎቹን ጎጆዎች ታሪክ ከዚህ አንጻር ስናየው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ቶሮ ጎጆውን ጨረሰ፤ ባቄላ ዘራ፤ የመስመሩ ርዝመት ሲደመር ሰባት ማይል ይሆናል ብሎ ጻፈ። ባቄላውም ተሰበሰበ። ከዚያ ምን ቀረ? ከሁለት ዓመት ከሁለት ወር በኋላ ጥሎት ወጣ። ሰው ሁሉ ቶሮ ወደ ጫካ ለምን እንደገባ ይጠይቃል፤ ለምን እንደወጣ የሚያጠያይቅ አይደለም፣ ሥራው አልቆበት ነው። ፕሮኔኪ ግን ጎጆው ሲያልቅ ማንኪያ ጠረበ፣ የዕቃ ማስቀመጫ ሠራ፣ የቤንዚን ጣሳ ቆርጦ መጥበሻ አደረገ፣ ማስታወሻ ጻፈ፣ ፊልም ቀረጸ። ከሁለቱ ሠላሳ ዓመት የኖረበት ሥራ ማስቀረት ያወቀበት ነው።

ጡረታ ማለት ዕረፍት ነው የሚሉ ሰዎች በጥሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሠሩ ሰዎች ናቸው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሁሉ በሰዓት ሲከፈሉ ኖረዋል። በገቡበት ደቂቃ ካርድ ይመቱ ነበር፤ በወጡበት ደቂቃ ካርድ ይመቱ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰዓት የእኔ ነው ብለው የሚያሳዩት አንድ ነገር አልነበረም፤ መኪናው የሌላ፣ ሕንጻው የሌላ፣ ትኬቱ እንኳ ተቀዳዶ የሚጣል ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚፈልገው ሥራ ማቆም አይደለም፤ አለቃው ራሱ የሆነበት ሥራ ነው። የሠራውን በማግሥቱ ቆሞ የሚያገኝበት፣ ቢያስጠላው የሚያፈርስበት፣ ሲያፈርስም «ለምን?» የሚለው የሌለበት። ሐኪም የሚያዝዘው «ይረፉ» ነው። ያረፉትን ጓደኞቻችንን አይተናቸዋል፤ ሶፋው ላይ እስከ ምሽት ዜና ሲያዩ ይውላሉ፣ ከምሽት በኋላ ዜናውን ለሚስታቸው ይተርካሉ።

ይህን ሁሉ የተረዳሁት እኔ ዘግይቼ ነው። እትዬ ቀድመውኛል። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ «ጋሼ ቤቱን ለምንድን ነው የማይጨርሱት?» ብዬ ስጠይቃቸው እንደ ቂል አዩኝ። «ከጨረሰ ወደ እኔ ሊመጣ ነው» አሉ። «ቀኑን ሙሉ እቤት ሲውል ማን ይችለዋል? ሽንኩርቱ ወፈረ፣ እሳቱ በዛ፣ ማቀዝቀዣው ለምን ተከፈተ። አንድ ክረምት ሞክሬዋለሁ።»

ለዚህም መላ አላቸው። ከቦርሳቸው አንድ ወረቀት አወጡ፤ በእርሳስ የተጻፈ ዝርዝር ነው። መጀመሪያ ሳውናው። ሳውናው ሲያልቅ ለብቻው የቆመ ማእድ ቤት፣ የወጡ ሽታ ድብ እንዳይጠራ። ቀጥሎ ለልጅ ልጆች አንድ ክፍል፤ ቀጥሎ የእንጨት ማከማቻ፣ ጃርት የማይገባበት። ከዚያ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ደረጃ፣ ከዚያ የጀልባ ማቆሚያ፣ ከዚያ ጀልባ፤ ጀልባው ከእንጨት በእጅ የተሠራ። «ዋናው ቤት ሲያረጅ ደግሞ ጣሪያው ይቀየራል» ይላል የመጨረሻው መስመር። ፕሮኔኪ ሥራ ያቆመው በ82 ዓመቱ ነው። ዝርዝሩን ሳሰላው ጋሼን ከዚያ ያሳልፋቸዋል።

«ጋሼ አይተውታል?» አልኳቸው።

«ምን ሲደረግ! አንድ አንዱን ነው የምነግረው፤ ያውም የማልፈልገው መስዬ» አሉና ወረቀቱን አጥፈው መለሱት።

እኔም ለጡረታ ብዙ አልቀረኝም። በማግሥቱ ወደ ሰሜን ደወልኩና ጋሼን ረዳት አናጢ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። በስልኩ ውስጥ መዶሻ ይሰማል። ጋሼ አሰቡ፤ ደመወዝ የለም፣ ምሳ አለ፣ አስተያየት መስጠት ግን ክልክል ነው አሉ። ተስማማሁ። ሚስቴን ሳማክራት ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ጠየቀችኝ፦

«መቼ ትሄዳለህ?»